ዝምታችንን ላብራሩልን ክቡር ሰብሳቢ

ለተከበሩ የመድረክ ሥራዎች ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሐረር

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ ክብና ሙሉ፣ እንቅልፍዎም እንደ ኮሚቴው ስብሰባ ረጅምና የማይቋረጥ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በዚህችው ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ የማስተምር፣ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ መጥቼ እዚሁ የቀረሁ፣ ትርፍ ጊዜዬንም ፈላና በር አጠገብ በተከራየናት መጋዘን ከጥቂት የቴአትር አፍቃሪዎች ጋር የማሳልፍ ሴት ነኝ። መጋዘኗ ቀድሞ በርበሬ ይከማችባት ስለነበር ተዋናዮቼ አሳዛኝ ክፍል ሲለማመዱ ዕንባ ቸግሯቸው አያውቅም። ከዚህ በፊት በግል የጻፍኳቸው ማመልከቻዎች በሥራ ብዛት ሳይነበቡ ቀርተው ይሆናል በሚል ቅን ግምት፣ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ደብዳቤዬን የሚያነብ ሌላ ሰው ግራ እንዳይገባው ነገሩን ከመነሻው ልንገር። ባለፈው ጥቅምት፣ ከዒድ በኋላ፣ «ባለ በሩ» የተባለ አጭር ተውኔት አቀረብንልዎ። ወለፈንዲ ከሚባለው ወገን ነው፤ ነገሩ በወጉ የማይሄድ፣ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ለተመልካቹ የሚተው ዓይነት። አንድ ባልና ሚስት በር አላቸው፣ ቤት ግን የላቸውም። በሩን ተሸክመው ይዞራሉ፣ በመሸበት ያቆሙታል፣ ከዚያም ተራ በተራ እያንኳኩ ለመግባት ይፈቃቀዳሉ። ዙሪያው ሁሉ ገላጣ ሜዳ ሆኖ ሳለ አንዳቸውም በጎን ዞረው ማለፍን አያስቡትም። በመጨረሻ ሴቲቱ ለማንኳኳት እጇን ታነሳለች፤ ታነሳና ማንኳኳቱን ትተወዋለች። እጇ አየር ላይ እንዳለ፣ ቃል ሳይነገር፣ መብራቱ ቀስ እያለ ይጠፋል። ተውኔቱ ይኸው ነው።

ባልየውን የሚጫወተው መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ልብስ የሚሰፋው ነስሮ ነው። ሚስትየዋን የምትጫወተው የቀድሞ ተማሪዬ ሳፊያ ናት፤ ጊደር መጋላ ገበያ እህል የሚነግዱት የአቶ ጀማል ልጅ። አቶ ጀማል ልጃቸው መድረክ ላይ መውጣቷን አልወደዱትም ነበር። ብዙ ከተለመኑ በኋላ ግንቦት ላይ ተድራ ወደ ጅጅጋ ከመሄዷ በፊት ለአንድ ምሽት ብቻ ፈቀዱላት። የምንፈቅደውን ነገር አይተን እንፍቀድ ብለው መጋዘናችን ድረስ መጥተውም ልምምዱን ተመለከቱ። ሲጨርሱ «ወላሂ ምንም አልገባኝም» አሉ፤ ቀጥለውም «ግን እጇን አንስታ ስትቆም ተነስቼ ልከፍትላት ነበር» ብለው ሳቁ። በማግስቱ ከቤታቸው እድሳት የተረፈውን፣ አባታቸው ያስጠረቡትን የእንጨት በር በጋሪ አስጭነው ላኩልን። እኛ እስከዚያ ድረስ በካርቶን ነበር የምንለማመደው።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ኮሚቴው ተውኔቱን በጥሞና በመመርመር እኛ ያላየነውን ሁሉ ስላየልን ላመሰግን እወዳለሁ። ኅዳር ላይ አስጠርተውኝ «በሩ ማንን ይወክላል?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ በድንጋጤ «በርን» ብዬ መመለሴ ከጨዋነት የራቀ እንደነበር ዛሬ ይገባኛል። ክቡርነትዎ በትዕግሥት «ከጀጎል በሮች የትኛው ነው?» ብለው አቀለሉልኝ። የትኛውም አይደለም ስልዎት፣ እኛ የምንሠራው ፈላና በር አጠገብ ስለሆነ የሌሎቹ በሮች ነዋሪዎች ቅር ሊላቸው እንደሚችል አሳሰቡኝ። ቀጥሎም የባልና ሚስቱ ቤት የት ሄደ፣ ፈርሶባቸው ከሆነስ ማን አፈረሰው የሚለው ጥያቄ ተነሳ። እኔ ይህን ተውኔት ስጽፍ ማንም ቤታቸውን እንዳላፈረሰው በእርግጠኝነት አውቅ ነበር፤ ከኮሚቴው ፊት ስወጣ ግን እኔም መጠርጠር ጀምሬ ነበር።

ሁለተኛ፣ ጥር ላይ ተውኔቱ «ተስፋን የሚያጨልም ፍጻሜ» ስላለው መጨረሻው ላይ ቤት እንዲሠራ በመወሰንዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ ያለ ሲሚንቶና ያለ ፈቃድ፣ መድረክ ላይ ቤት እንድንሠራ መታዘዛችንን ለነስሮ ስነግረው መቀሱን አስቀምጦ፣ «እኔ ቤት መሥሪያ ቦታ እየለመንኩ ጺሜ ሸበተ፤ እንዲህ የሚቀል ከሆነ ኮሚቴው የኔንም ይጨርስልኝ» አለ። እርሱ ቀልዱን ነው፣ ክቡር ሆይ። እኔ ግን በየሳምንቱ ወደ ቢሮዎ ስመላለስ፣ ጸሐፊዋ በየጊዜው «ስብሰባ ናቸው» ስትለኝ፣ የሳፊያም ሠርግ እየቀረበ ሲመጣ መሳቅ አቅቶኝ ነበር። ልጅቱ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር «ቲቸር፣ ተፈቀደ?» ትለኛለች፤ እኔም «በሚቀጥለው ሳምንት» እላታለሁ። አንድ ቀን መጠየቋን ተወችው፤ በሩን አንስታ መለማመድ ጀመረች። ከጥያቄዋ ይልቅ ያ አመመኝ።

ሦስተኛ፣ መጋቢት ላይ ኮሚቴው ችግሩን ሁሉ የሚፈታ ሐሳብ በራሱ አነሳሽነት አፈለቀ። ቤቱ ይቅር፣ ተውኔቱም እንዳለ ይታይ፤ ነገር ግን ሕዝቡ በተሳሳተ መንገድ እንዳይረዳው የኮሚቴው ጸሐፊ አቶ እንደሻው ከመድረኩ ጥግ ሆነው እያንዳንዱን ትዕይንት ያብራሩ ተባለ። «አብራሪ ከተመደበልን እንግዲህ በሩም ይበር ይሆናል» አለ ነስሮ። ያለ አቶ እንደሻው አዳራሹ እንደማይከፈት በግልጽ ስለተነገረኝ ተስማማሁ። ሠርጉ ደርሷል፤ ሌላ ምን ላድርግ?

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አቶ ጀማል ወንድሞቻቸውን ከነቤተሰባቸው ይዘው ከፊት ተቀምጠዋል። አቶ እንደሻው ቡናማ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ድምፅ ማጉያ ጨብጠው ጥጋቸውን ያዙ። ነስሮ በሩን በእጅጌው ሲጠርግ፣ «በዚህ ትዕይንት ገጸ ባሕሪው የንጽሕናን አስፈላጊነት ያሳያል» አሉ። ሰው ሳቀ። አቶ እንደሻው ሳቁን እንደ ጭብጨባ ቆጥረውት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረቡ፤ ቀጥሎም ሌላ እርምጃ፣ ተውኔቱ ሲጋመስም በባልና በሚስቱ መካከል ቆመው አገኘናቸው። ሳፊያ ከበሩ ጀርባ ሆና «ማን ነው?» ብላ ስትጠይቅ ነስሮ አፉን ሳይከፍት አቶ እንደሻው በድምፅ ማጉያው «ባሏ ነው» ብለው መለሱላት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ይህን ሁሉ እንችለው ነበር። ከዚያ ሳፊያ እጇን አነሳች። ያ ሁሉ ሲስቅ የነበረ ሰው ጸጥ አለ፤ አንድ ሕፃን እንኳ ትንፍሽ አላለም። አቶ ጀማል ወደ ፊት አጎንብሰው ተቀምጠው አየኋቸው። ለስድስት ወር የለፋንባት ዝምታ ያቺ ነበረች። አቶ እንደሻው ወረቀታቸውን ገለጡና «ሴትየዋ የማታንኳኳው በግንዛቤ እጥረት ምክንያት ሲሆን፣ በአሁኑ ወቅት ይህ ችግር በመቀረፍ ላይ ይገኛል» አሉ። ሳቁ ከቀድሞው ባሰ። የሳፊያ እጅ አየር ላይ እንዳለ መጋረጃ ሳቢው ልጅቱን አይቶ ሳይታዘዝ ዘጋው።

ከመጋረጃው ጀርባ አላለቀሰችም። «ቲቸር፣ ማንኳኳት ነበረብኝ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። እንኳን ለተማሪ ለርእሰ መምህርም መልስ አጥቼ የማላውቅ ሴት፣ ክቡር ሆይ፣ ቆሜ የነጠላዬን ጫፍ እጠቀልል ነበር። አቶ ጀማል ደግሞ የአዳራሹ መውጫ ላይ ጠብቀውኝ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ «አላህ ይስጥልኝ መምህርት፣ ደክመዋል። እኔ ግን ያን ቀን ያየሁትን ለወንድሞቼ ላሳይ ነበር ያመጣኋቸው» ብለውኝ ሄዱ። በግንቦት ኒካሁ ታሰረ፤ ሳፊያም ጅጅጋ ገባች። በሕይወቷ አንድ ምሽት መድረክ ላይ ወጥታ ነበር፤ ያቺም ተብራራችባት።

አራተኛ፣ ኮሚቴው ከዚህ ሁሉ በኋላ ሥራችንን ለሚሊኒየሙ የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል በመምረጥ ስላከበረን ቃል ያጥረኛል። በተለይ «ማብራሪያው በራሱ የተሟላ ሆኖ በመገኘቱ ተዋንያኑን ማጓጓዝ አላስፈለገም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ለተማሪዎቼ የሰዋስው ምሳሌ ላደርጋት አስቤ፣ አድራጊ የሌለው ድርጊት ምን ብዬ እንደማስተምር ስላላወቅኩ ተውኩት። አቶ እንደሻው ያለ ተውኔቱ ተጓዙ። በሩ ግን ለገለጻ ያስፈልጋል ተብሎ በመሥሪያ ቤቱ ፒካፕ ተወሰደ። ነስሮ «በሩ የሰው ነው፣ አማና ነው፣ አደራ!» ብሎ ቢጮህም ሾፌሩ «ይመለሳል» ብሎት ሞተሩን አስነሳ።

መመለሱንስ ተመልሷል፤ ወደ ቢሮዎ። ባለፈው ሳምንት ኮሪደሩ ላይ ተገትሮ አየሁት። የስብሰባ ጥሪና የጨረታ ማስታወቂያ ተለጥፎበታል፤ ወረቀቱ አልይዝ ስላለ ይመስላል በምስማር ተመቷል፣ ያውም በጥርቡ ላይ። እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ በጊደር መጋላ ማለፍ ትቻለሁ። ጤፍ የምገዛው ከአቶ ጀማል ነበር፤ ሲያዩኝ በሩን እንደማይጠይቁኝ ስለማውቅ ነው የማልሄደው። ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር።

አምስተኛ ብዬ እንዳልቀጥል ምስጋናዬ ወደ ሌላ ነገር መለወጥ ጀምሯልና ልመናዬን ላቅርብ። ሳፊያ ደውላልኛለች፤ ለመጪው ዒድ ቤተሰቧን ልትጠይቅ ትመጣለች፣ ባሏም ፈቅዷል። አዳራሹን ለአንድ ምሽት ይፍቀዱልን። ምስማሮቹን በጥንቃቄ አስነቅለው በሩን ይመልሱልን። ድምፅ ማጉያ አያስፈልገንም። ሕዝቡ ባይገባው ሳይገባው ይሂድ፤ አባትየውም አልገባቸውም ነበር፣ ሊነሱ ግን ደርሰው ነበር። ይህ እንዲሆን መፍቀድ የሚያስፈራ ምን እንዳለበት ስምንት ወር ሙሉ አስቤ ሊገለጽልኝ አልቻለም።

የክቡርነትዎን ጊዜ በማባከኔ እየተጸጸትኩ፣ ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ ማኅተምዎ ሳይደርቅ፣ በዙሪያዎ ያለውም ሁሉ እንደተብራራ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ በማያንስ ድካም ጋር፣

ወይንሸት አበጋዝ
ሐረር፣ ሰኔ 1999 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ አቶ እንደሻው ከፌስቲቫሉ በተመለሱ በሦስተኛው ቀን መጋዘናችን መጥተው ነበር። ብቻቸውን መድረክ ላይ ሲወጡ አንድም ሰው እንዳልሳቀ ነገሩኝ፤ ኮፍያቸውን እያገላበጡ ብዙ ከቆዩ በኋላም «ወይዘሮ ወይንሸት፣ ምንም የማይናገር ገጸ ባሕሪ አይኖርዎትም?» አሉኝ። ነበረኝ። ልምምድ ጀምረዋል፣ ከነስሮ ጋርም ተስማምተዋል፤ ዝምታ እንዲህ ያምርባቸዋል ብዬ አልጠበቅኩም። ኮሚቴው ሌላ አብራሪ እስኪያገኝ ድረስ ግን ክቡርነትዎ ራስዎ ቢሞክሩት ጥሩ ነው፤ ሕዝቡ እንደሆነ መሳቁን ለምዶታል።