ስለ መምህር ሙአዊያ ኑርዬ ሕልፈትና ሳይመለስ ስለቆየው ማመልከቻቸው

የአርዲቦ ዳር መምህራን ኮሌጅ የሎጂክ መምህር የነበሩት አቶ ሙአዊያ ኑርዬ፣ ባደረባቸው ሕመም ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ወደ አኼራ መሄዳቸውን የምናስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ይህ የኮሌጁ ጽሕፈት ቤት ያወጣው የሐዘን መግለጫ ስንተኛው እንደሆነ መቁጠር ትተናል። ይህኛው ግን ከብዶናል።

መምህር ሙአዊያ በ1958 ዓ.ም. በአምባሰል ወረዳ፣ ውጫሌ አቅራቢያ ተወለዱ። በየገጠር ትምህርት ቤቱ ሃያ ሦስት ዓመት ካስተማሩ በኋላ በ2004 ዓ.ም. ኮሌጃችንን ተቀላቀሉ።

በ2012 ዓ.ም. በትምህርት ማሻሻያው የመግቢያ ሎጂክ ለጀማሪ ተማሪዎች ሁሉ እንዲሰጥ ሲወሰን፣ መጽሐፉ እስኪደርስ ሳይጠብቁ መልመጃውን በእጃቸው ጽፈው አዘጋጁ። መነሻ ሐሳቦቹን በቁጥር፣ መደምደሚያውን ከሥር ማስጻፍ ልማዳቸው ነበር። መደምደሚያው ከመነሻዎቹ ይከተላል ወይ? መነሻዎቹስ እውነት ናቸው? ሁለቱን ለየብቻ ያልመለሰ ተማሪ ማርክ አያገኝም። ብዙዎች ተማርረውባቸዋል።

በጥር 2014 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ከአካባቢያችን ፈቀቅ እንዳለ፣ ኮሌጁ ሠራተኞችን የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቁሞ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋን ወ/ሮ ተሻለች አምሳሉን «ተባባሪ» በሚል አሰናበተ። ወ/ሮ ተሻለች ከተማው በታጣቂዎች ሲያዝ ያልወጡት አልጋ ላይ የዋሉ እናታቸውን ትተው መሄድ ስላልሆነላቸው ነበር። መምህር ሙአዊያ በሦስተኛው ቀን ማመልከቻ አስገቡ። ሙሉ ቃሉ ይህ ነው፦

«1. ከተማው ሲያዝ የቀረ ሁሉ ተባባሪ ነው።
2. ወ/ሮ ተሻለች ቀርተዋል።
ስለዚህ ወ/ሮ ተሻለች ተባባሪ ናቸው።
ኮሚቴው ያለው ይህን ነው። መደምደሚያው ይከተላል፤ አንደኛው መነሻ ግን ሐሰት ነው። እኔም ቀርቻለሁ። ወይ አብራችሁ አሰናብቱኝ፣ ወይ አንደኛውን ሰርዙት።»

መልስ አልሰጠናቸውም። መዝገብ ቤት በቁጥር መጻፉን አይቶ ከፈተና ወረቀቶች ጋር አስሮት ኖሮ፣ የተገኘው በቀብራቸው ማግስት መልመጃዎቻቸውን ስንሰበስብ ነው። ስህተት ነበር ብለን ለማለፍ አንደፍርም፤ በአካል መጥተው ሦስት ጊዜ ጠይቀውናል፣ ሦስቴም «እየታየ ነው» ብለን መልሰናቸዋል። ደክሞን ነበር። ፈርተንም ነበር። የዚያ ኮሚቴ አባላት ይህን መግለጫ ያወጣነው እኛው ነን።

የኮሌጁ ጉባኤ የካቲት 13 ቀን ተሰብስቦ ስንብቱን ሽሯል፤ ወ/ሮ ተሻለች ከነሙሉ መብታቸው ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ወስኗል። ደብዳቤውን ይዘን ለቅሶ ስንደርስ፣ ከመምህሩ ባለቤት ከወ/ሮ መስኡዳ ጎን ተቀምጠው አገኘናቸው። ወ/ሮ ተሻለች ደብዳቤውን ሳይከፍቱ ተቀበሉንና «ተቀመጡ እስቲ፤ አሁን ምን አስቸኮላችሁ?» አሉን።

ለወ/ሮ መስኡዳ፣ ለልጆቻቸው፣ ለተማሪዎቻቸውና ለባልደረቦቻቸው አላህ ሶብሩን ይስጥልን። ወ/ሮ ተሻለችን በአደባባይ ይቅርታ እንጠይቃለን። መምህር ሙአዊያን የምንጠይቅበት ጊዜ ግን አልፎናል።