አራራ ያልኩ ዕለት

አሶሳ፣ ነሐሴ አጋማሽ

ለቀድሞ እጮኛዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ከስድስት ዓመት በኋላ እንዲህ ብሎ መጠየቅ እንዴት እንደሚያሳፍር አትጠይቀኝ። ጤናህስ፣ ሥራህስ፣ ሐዋሳስ ተስማማችህ? እኔ ደህና ነኝ፤ የዘንድሮ ዝናብ ጫማዬን ጨርሶታል እንጂ። እናትህም ደህና ናቸው። እንዲያውም የምጽፍልህ እሳቸው ስላደረጉት ነገር ነውና ቁጭ ብለህ አንብበው።

ባለፈው ማክሰኞ ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ባምባሲ ሄጄ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት ተመራማሪዎች የሰፈራችሁን ቀይ ማሽላ፣ ያን ወፍ የማይቀምሰውን፣ ለምርምር ወደ ውጭ መላክ ይፈልጋሉ። ናጎያ በምትባል የጃፓን ከተማ አገሮች የተስማሙበት ውል አለ፤ የአንድን ማኅበረሰብ ዘር የሚወስድ አስቀድሞ ይጠይቅ፣ ከተጠቀመበትም ያካፍል ይላል። ኢትዮጵያም ገብታበታለች። ስለዚህ ሰዎቹ ሊጠይቁ መጡ፣ እኔ ደግሞ አስተርጓሚ ሆንኩ። አትሳቅ።

ማንጎው ሥር ሰባ የሚሆን ሰው ተሰብስቧል። ተመራማሪው ስምምነት ልናደርግ መጥተናል ሲል፣ በኦሮምኛ ወሊገልቴ ማለት ሲገባኝ ለአራራ መጥተዋል ብዬው ቁጭ። እርቅ አደረግሁት እኮ። ኦሮምኛ ያስተማርከኝ አንተ ነህና ግማሹ ጥፋት ያንተ ነው። እናትህ ሻሻቸውን አስተካክለው ተነሡና፣ እርቅ ከሆነ ደግ ነው፤ ግን እርቅ የሚጀመረው የበደለው በድያለሁ ሲል ነው፤ ከዚህ በፊት ዘሬን ሳይጠይቅ የወሰደ አለ፣ እሱ ይነሣ አሉ።

ይህን ወደ አማርኛ መመለስ ነበረብኝ።

አንተና እኔ እናውቃለን። የመመረቂያዬ ዓመት፣ አንድ የዘር ነጋዴ ሥራ አስገባሻለሁ ሲለኝ፣ እናትህ ከምድጃቸው በላይ ለዘር ከሰቀሉት ማሽላ አምስት ዛላ አውርጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማን ነካብኝ ሲሉ እኔ ነኝ ያልከው ደግሞ አንተ። ከዚያ ዋሽተሃቸው ዓይናቸውን ማየት ስላቃተህ አገር ለቀህ ሄድክ። እኔም ሥራውን አላገኘሁ፣ አንተንም አጣሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ባንተ ጥፋተኝነት ንጹሕ ሆኜ ኖርኩ።

አስተርጓሚዋ ራሷ ተነሣች። ቃሉን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ዘሩንም የወሰድኩት እኔ ነኝ አልኩ፤ ማንም እንዳያመልጠው በሁለቱም ቋንቋ።

እናትህ ቅንጣት አልደነቃቸውም። አውቃለሁ፣ ያን ዕለት ከገበያ ስመለስ በርጩማዬ ምድጃው ጎን ቆሞ ነበር፤ ልጄ እጁን ሲዘረጋ ጣራ ይነካል፣ በርጩማ ምን ያደርግለታል፣ አጭሯ አንቺ ነሽ አሉኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። ታዲያ ለምን ዝም አሉ ብላቸው፣ ልጄ የሸፈነውን ሰው እኔ ምን ብዬ እገልጣለሁ አሉ። ብትጠይቂኝ እኮ አሥር እሰጥሽ ነበር ብለው ጨመሩልኝ።

ስለዚያ ውል በሥልጠና አዳራሽ ስንት ቀን ተቀምጬ ማስታወሻ ይዣለሁ። ፊደል ያልቆጠሩት እናትህ ግን ከኔ በፊት ሲኖሩበት ከርመዋል። የሳቸውን ያህል የማከብረው ሰው የለኝም።

ወረቀቱ ላይ ግን አልፈረሙም። ዘሩን አልከለከልኩም፣ እርቁ አንድ ሰው ስለሚጎድለው ነው፤ ማሽላው ሲደርስ ኅዳር ላይ ተመለሱ አሏቸው። ሰዎቹም እሺ ብለው ተነሡ። ሲሰነባበቱ እናትህ ወደ እኔ እያመለከቱ አንድ ቃል ነገሯቸው። ምን አሉ ሲሉኝ እሱን ብቻ ሳልተረጉም ቀረሁ፤ አንተ ግን ከደብዳቤው ግርጌ ታገኘዋለህ።

ከዚያ ቤት ይዘውኝ ገቡ። በርጩማው እዚያው ምድጃው ጎን ነው። ተቀመጪ አሉኝ፣ ተቀመጥኩ።

ኅዳር ላይ የዘር ማሽላ ሲሰቀል ረጅም ሰው ያስፈልጋል። እኔ አልደርስበትም።

የሰማይ አምላክ መንገድህን ያቅናልህ፤ በደህና ወጥተህ በደህና የምትገባ ያድርግህ።

የእናትህ ምራት