የአባቴ የመጨረሻ ሰንጠረዥ

ማክሰኞ

አባቴ የግራውን ጫማ በቀኝ እግሩ አጥልቆ ወጣ። አልነገርኩትም። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ከኋላው ተከተልኩት። ሦስት ሰው እጅ ነሣው፤ አንዱም አላየም። ወይም አይተው ዝም አሉ። ሰቆጣ ውስጥ ለመሪጌታ እንዲህ ያለ ነገር ደፍሮ የሚናገር የለም።

ሲመለስ፣ «ቅዳሜ ምትኩ ይመጣል» አለኝ። «የመጨረሻችን ነው። ከዚያ በኋላ ጠጠሮቹን ለፈለግሽው ስጪ።»

አያ ምትኩ የደሃና ወረዳ ገበሬ ናቸው። ከአባቴ ጋር ሰንጠረዥ መጫወት የጀመሩት እኔ ሳልወለድ ነው። አባቴ በግዕዝ ያዜማል፣ በአማርኛ ይመክራል፣ በኽምጣንጋ ይሳደባል። የሚሳደበውም እሳቸውን ብቻ ነው።

የምታክመው ሐኪም የሚረሳውን መዝግቢ ብላኛለች። የዚህ ሳምንት፦ የእህቴን ስም፣ አንዴ። ምሳ መብላቱን፣ ሁለቴ። ለተማሪዎቹ ሲያዜም የዜማውን መካከል።

ያልረሳው፦ ሰንጠረዥ። እስካሁን።

ረቡዕ

ከትምህርት ቤት ስገባ ቀዩን ጨርቅ ዘርግቶ ብቻውን ተቀምጧል። ከቀንድ የተሠሩትን ጠጠሮች ለራሱ፣ ከወይራ የተሠሩትን ለአያ ምትኩ ደርድሯል። አልተሳሳተም። ቆሜ ቆጠርኳቸው፤ ከዚያ በመቁጠሬ አፈርኩ።

የእኛ ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ የለውም። ወረራ ይባላል። ሁለቱም ጠጠራቸውን እንደ እጃቸው ፍጥነት ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ። ተራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በስልክ ቼዝ የሚጫወቱት ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ማን ይቆጣጠራል?» ይሉኛል።

የሚያስፈራኝ ሽንፈቱ አይደለም። ተመልካቹ ነው። ሰንጠረዥ ዝም ተብሎ አይታይም፤ ዙሪያውን የቆመው ይጮኻል፣ ይመክራል፣ ያፌዛል። ቅዳሜ ዙሪያውን የሚቆሙት ደግሞ ራሱ ፊደል ያስቆጠራቸው ናቸው። በነሱ ፊት ቢጠፋበትስ?

ዓርብ

አያ ምትኩን ከተማው ዳር ጠብቄ አገኘኋቸው። አህያቸውን እየነዱ፣ እስከ ጉልበታቸው አቧራ።

«አያ ምትኩ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ።»

«አስቸግሪኝ።»

ነገርኳቸው። ጫማውን፣ ምሳውን፣ ሁሉንም። በመጨረሻም «ነገ ግራ ከገባው… ይሸነፉለት» አልኩ። ስናገረው ቀላል መስሎኝ ነበር።

ቆሙ። አህያዋም ቆመች።

«ልጄ፣ አባትሽ የገዛ ሠርጉን ቢረሳ ይህን አይረሳም። አውቄ የተሸነፍኩለት እንደሆነ ጨርቁን አጥፎ ይነሣል። እስከ መቃብር አያናግረኝም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ዳቦ ድፊ። እርቦኛል።»

ዳቦ ደፋሁ። እጄ ሥራ ሲይዝ ትንሽ ተሻለኝ።

ቅዳሜ

ከቅዳሴ በኋላ፣ ግቢያችን። አሥራ አንድ ሰው። አባቴ እያንዳንዱን እርምጃ ጻፊ ብሎኝ ደብተር ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ወረራውን መጻፍ አልቻልኩም። ማንም አይችልም። አራት እጅ ቀይ ጨርቅ ላይ ይሮጣል፤ ቀንድና ወይራ ይንኳኳል። የአባቴ ወታደሮች መሐል ያዙ፣ ፈረሶቹ ከኋላቸው፣ ፈርዙ፣ አማካሪው፣ ከንጉሡ ጎን። ጣቶቹ የሃያ ዓመት ልጅ ጣቶች ነበሩ። በኽምጣንጋ የሆነ ነገር ብሎ አያ ምትኩን በሳቅ አስለቀሳቸው።

ከዚያ አያ ምትኩ በፈረሳቸው አንድ ወታደር በሉበት፤ ጭናቸው ሥር ሸጎጧት። ተራ ጀመረ። ከዚህ ጀምሮ ጽፌያለሁ።

አባቴ፦ ፈረሱን ወደ ግራ አዘለለው፣ ደራቸውን አስፈራራ። ደር ቀጥ ብሎ የሚሮጠው ነው።

አያ ምትኩ፦ ደሩን አንድ ቤት አሸሹ።

አባቴ፦ ፈርዙን አንድ ቤት በሰያፍ። «ለምን?» አለ አንዱ። «ቆይ» አለው አባቴ።

አያ ምትኩ፦ ወታደር ገፉ።

አባቴ፦ ያው ፈረስ እንደገና ዘለለ። ባረፈበት ቤት ንጉሡንም ደሩንም በአንድ ጊዜ ያዛቸው። ንጉሡ ሲሸሽ ደሩ ይበላል። ግቢው «እሰይ!» አለ። እኔም አልኩ መሰለኝ።

ተራው የአያ ምትኩ ነበር።

የአባቴ እጅ ግን አልቆመም። ፈርዙን ገፋ። ወታደር ገፋ። ሌላ ወታደር። ፈጣንና ደስ ያለው፣ ልክ ቅድም በወረራው እንደነበረው።

አንዱ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት። ሌላው ቀስ ብሎ፣ «የኔታ፣ ተራው የእሳቸው ነው እኮ» አለ።

እጁ አየር ላይ ቀረ። ጨርቁን አየ። ከዚያ እኔን አየ። እንዴት እንዳየኝ አልጽፈውም።

አያ ምትኩ እጃቸውን ጭናቸው ሥር ሰደው ያቺን የቀንድ ወታደር አወጡ። ፈረሳቸውን ወደ ኋላ ስበው ወታደሯን የነበረችበት ቤት አቆሟት።

«የምን ተራ?» አሉ፣ የተናገረውን ልጅ ሳያዩት። «ማን ምን በላ? ገና ወረራ ላይ ነን። አንተ ሽማግሌ፣ እጅህ ደከመ እንዴ?»

ማሰለፍ ጀመሩ። አባቴ አፍታ ዘግይቶ ተከተላቸው። ከዚያ ቀደማቸው። ተመልካቹ ነገሩ ሲገባው አንድ አንድ እያለ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ «በግራ! በግራ!» ማንም ማንንም አልበላም። ጣታቸው ሲጋጭ እየተሳደቡ፣ ፀሐይዋ ከአጥሩ እስክትወርድ ድረስ አሰለፉ። ደብተሬን ዘጋሁት።

እሑድ

አያ ምትኩ ማለዳ ሄዱ። አባቴን ጉልበቱን ስመው ተሰናበቱት፤ በዕድሜ ግን እሳቸው ይበልጣሉ።

አባቴ እስከ ረፋድ እኔን «አንቺ ልጅ» እያለ ጠራኝ፤ ስሜ ጠፍቶታል። ዝርዝሩ ላይ ልጽፈው ብዕር አነሣሁ፣ አስቀመጥኩት።

እጁን ሳስታጥበው ድንገት፣ «ምትኩ ለምን እንደመለሳት ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«ምኗን?»

«ወታደሬን። ፈረሴ ንጉሡንና ደሩን አንድ ላይ ይዟቸው ነበር። መውጫ የለውም። ፈርቶ ነው!»

ሮጬ ደብተሩን አየሁ። ልክ ነው። ደሩ ሳይቀር።

የራሱ እጅ አልቆም ማለቱንስ ያስታውሳል? ልጠይቀው ስመለስ ውሃው ከጣቶቹ እየተንጠባጠበ ወደ ደጅ እየወጣ ነው። አሁን ግድግዳውን ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። «ፈርቶ ነው እኮ» ይላል ለብቻው፣ ይስቃል፣ እንደገና ይለዋል።