ኒውል ዝም ስትል

ጥቅምት 14
የውሾቹን ቤት ጠረግሁ፣ ገለባ ቀየርሁ። ዝናብ፣ እንደ ሁልጊዜው። ከዚያ አጎቴ ሜይሊር ብቅ ብሎ፣ "ሄሌድ፣ ልጅሽ ነገ ከአደኑ ጋር ትወጣለች" አለኝ። ኒውልን ነው! ወተት በጨርቅ እያጠባሁ ያሳደግኋት ውሻዬ ኒውል፣ ከምድር በታች ካለው አገራችን ከአኑን ወጥታ የላይኛው አገር ተራራ ላይ ልትሮጥ...

ጥቅምት 15
ፈረሰኞቹና ውሾቹ ወደ ላይ በሚያወጣው የድንጋይ ደጅ ወጡ። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ቀይ ጆሮ። የኔዋ ግን ትበልጣለች። ከኛ ጋር ደጁ ላይ የቀረ አንድ አዲስ ፈረሰኛ "የውሾቹ ጩኸት በረታ፣ ተመለሱ እንዴ?" ብሎ አጎቴን አሳቀው።
"የአኑን ውሻ ሲርቅ ነው የሚያደነቁርህ። ሲቀርብ ድምፁ ይቀንሳል። ጭራሽ ዝም ካለ ዞር በል፣ ከኋላህ ነው።"
ሰውየው እውነትም ዞር አለ። እየጻፍሁም ያስቀኛል።

ጥቅምት 17
ተመለሱ። ኒውል የለችም።

ጥቅምት 18
እሰማታለሁ! የሷ ድምፅ ነው፣ አይጠፋኝም። ጆሮ ይበጥሳል... ሩቅ ናት ማለት ነው። ግን አለች።
ደጁ ጥቅምት 21 ጀምበር ስትጠልቅ ይዘጋል። ውጭ የቀረ ውሻ ጆሮው ይነጣል፣ ያሳደገውንም ይረሳል። እኔን ትረሳኝ ይሆን?

ጥቅምት 20
ድምፅዋ ቀነሰ! ወይስ ጆሮዬ የፈለገውን ነው የሚሰማው? አጎቴ የበግ አጥንት አምጥቶ መኝታዋ ላይ አስቀመጠ። "በጥቅምት አንድ አጥንት" አለና ሄደ። እሱም እየጠበቃት ነው። አይናገርም እንጂ።

ጥቅምት 21
ከሰዓት በኋላ ጭራሽ ዝም አለች። ወደ ደጁ ሮጥሁ። ጀምበሯ ኮረብታው ጫፍ ላይ ስትደርስ አጎቴ የደጁን ድንጋይ መግፋት ጀመረ።
"በቃ ሄሌድ። የሞተ ውሻም ዝም ይላል።"
ጀርባዬን ወደ ውጭ ሰጥቼ እግሬን በድንጋዩና በደጁ መሃል ከተትሁ።
"ዝም ካለ ከኋላህ ነው ያልኸው አንተ አይደለህ?"
"እግርሽን ይቆርጠዋል፣ አንቺ ልጅ።"
"ይቁረጠው።"
አፈጠጠብኝ። እኔም አፈጠጥሁ። ጀምበሯ ልትጠልቅ ትንሽ ሲቀራት እርጥብ አፍንጫ ከኋላዬ መዳፌን ነካኝ።

ጥቅምት 22
ደጁ ተዘግቷል። ድንጋዩ አንድ ጫማዬን በልቶታል፣ እግሬም አብጧል። ግድ የለኝም።
ጠዋት አጎቴ አደኑን የሚጠራበትን የሚነፋ ቀንድ ከአንገቱ አውልቆ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። "የኔ ጆሮ አርጅቷል። ከእንግዲህ አንቺ አዳምጪ" አለ። እኔ! ቀንዱ ይከብዳል። ደስ ሲል።
ኒውል አጥንቷን ጨርሳ እግሬ ላይ ተኝታለች። ጆሮዋ አሁንም ቀይ ነው። አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል... በህልሟ እየጮኸች ነው መሰለኝ። ምንም ድምፅ አይሰማኝም።