መኪና ቁጥር አሥራ አራት፣ ክር በጠሰ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንዴት ከርመሽልኛል፣ የኔ ዓለም? ወገብሽስ? ሆድሽስ? በደፈናው «ጤናሽ» ብዬ አላልፍም፤ ክፍል በክፍል ነው የምጠይቅሽ። አክስትሽስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ተሻላት ወይስ አሁንም ደረጃውን እየረገመች ነው የምትወጣው? እኔ ጉንፋን ቢጤ ጎብኝቶኝ ሄዷል፤ ከዚያ በቀር ብረት ነኝ። እንዲያውም ደስ ብሎኛል። ለምን ደስ እንዳለኝ ግን ከጫፉ ይዤ ካልተረተርኩልሽ አይገባሽምና ወንበር ሳቢና ተቀመጪ።

ስልክ ስደውል «ደህና ነኝ እማ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብለሽ ትዘጊያለሽ። አልፈርድብሽም። ደብዳቤ ግን ቢዘጉትም እዚያው ነው፤ ቢበዛ መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል፣ እሱም መሳቢያው ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። እኔም መጠበቅ ለምጃለሁ። ከሄድሽ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ።

«ክር በጠሰ» የምንለውን ነገር ከኔ አፍ ነው የሰማሽው፤ ከሥሩ ግን ነግሬሽ አላውቅም። እኛ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት መኪና ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆመ ምክንያቱ የብልሽት መዝገብ ላይ ይጻፋል፤ የመኪናው ቁጥር፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ። የሚጽፈው አለቃችን ነው፣ ደወል የምንለው። ድምፁን ሰምተሽዋል፤ አንድ ጊዜ በስልክ «እናትሽ ሥራ ላይ ናት!» ብሎ ሲጮህብሽ ስልኩን ከጆሮሽ አርቀሽ ስትስቂ ነበር። እንግዲህ ለዚህ ሰውዬ «የወር አበባዬ መጣ» የሚል ምላስ ማን አለው? ከኔ በፊት የነበረች አንዲት ልብስ ሰፊ፣ አንድ ቀን ድንገት ብድግ ስትል «ምንድን ነው?» ብሎ ቢጮህባት፣ ደንግጣ «ክር በጠሰብኝ» አለችው። ጻፈው። ከዚያ ወዲህ አርባ ሁለታችንም ክር ይበጥስብናል። እጅ ይነሳል፣ «ክር በጠሰ!» ይባላል፣ ጎረቤት ከክር ሳጥኗ ሞዴስ ታቀብላለች፣ ደወል ይጽፋል። ይህ ምስኪን፣ ክር ለሚያቀርቡልን ሰዎች «ክራችሁ ጥራት የለውም» ብሎ ደብዳቤ ሁሉ ጽፎ ያውቃል! እነሱም ይቅርታ ጠይቀው ወፍራም ክር ላኩልን። ወፍራሙም በየወሩ ተበጠሰ።

አንቺ በሄድሽ በሦስተኛው ወር አዲስ መካኒክ መጣ። ሽበት የወረረው፣ መዳፉ ሰፊ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ምን መሰለሽ? የብልሽት መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር አነበበው። ያንን መዝገብ ማን አንብቦት ያውቃል? አነበበና ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። «እመቤት፣ መኪናዎ ታማለች» አለኝ። የሌሎቹ በጥሰው ወዲያው ይነሳሉ፣ ቁጥር አሥራ አራት ግን ከበጠሰች አርባ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ግማሽ ቀን ትቆማለች አለ። ምን ልበለው? የኔ ሕመም እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። «ትታመማለች፣ ልክ ነው» አልኩት። ቁልፍ የምትሰፋዋ ጎረቤቴ አፏ ውስጥ ጨርቅ ከታ ነው ሳቋን ያፈነችው።

መርፌውን ቀየረ። በሚቀጥለው ወር በጠሰች። የክር ማጥበቂያውን ቀየረ። በጠሰች። ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጥፎ እንደ ሐኪም አዳመጣት። «እስቲ ትኩስ ነገር ያጠጧት» አለችው ቁልፍ ሰፊዋ፣ ያቺ ምላሳም። በአራተኛው ወር ቀኑን አስልቶ በርጩማ ይዞ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ዛሬ ወይ ነገ ትበጥሳለች፣ ዓይኔ እያየ ካልሆነ ምክንያቱን አላገኘውም አለ። ልጄ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

በማግሥቱ ከረፋዱ ላይ ጀመረኝ። ወገቤ ለሁለት የሚከፈል መሰለኝ፣ ላቤ ቀዘቀዘ፣ ግንባሬን መኪናዋ ብረት ላይ ደገፍኩ። እጄን አንስቼ እንኳ «ክር በጠሰ» ማለት አቃተኝ። እሱ ጎንበስ ብሎ አየ። ክሩ መርፌው ዓይን ውስጥ ደህና ቁጭ ብሏል። ክሩን አየ፣ እኔን አየ። ተነስቶ ሄዶ የመስመራችንን ማብሪያ አጠፋና ለደወል፣ ይህ መስመር አርባ ደቂቃ ይፈልጋል፣ መብራቱን ልፈትሽ ነው አለው። አሥር መኪና ለኔ ሲባል ቆመ! ከዚያ መዝገቡን ተቀብሎ በገዛ እጁ ጻፈ፤ ቁጥር አሥራ አራት፣ ክር በጠሰ።

በሁለተኛው ቀን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ሙቅ ውሃ የሚሞላበት የጎማ ከረጢት ነው፣ ቀይ፣ ያገለገለ፤ ጎኑ ላይ ተቀዶ በብስክሌት ጎማ ቁራጭ አሳምሮ ለጥፎታል። ባለቤቱ ካረፈች በኋላ ሦስት ሴቶች ልጆች ብቻውን እንዳሳደገ፣ ከረጢቱም የነሱ እንደነበረ፣ ሦስቱም እንዳገቡ ነገረኝ። ቀድሞ ሊገባኝ ይገባ ነበር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አለ። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ያንን ቀን ስጠላ፣ አንድ ሰው ይቅርታ ጠየቀኝ።

ጤና ጣቢያ የሄድኩትም በሱ ጉትጎታ ነው። ነርሷ በዕድሜ የአንቺ እኩያ ትሆናለች። ሆድ ዕቃዬን ነካክታ፣ ጠያይቃ፣ ሰው አልጋ ላይ የሚጥል ሕመም ዝም ተብሎ የሚቻል ሕመም አይደለም፣ መመርመር አለበት አለችኝ። ማስታገሻው ቁርጠቱ ጥርሱን ሳያወጣ፣ ገና ሲጀማምር፣ እህል ቀምሶ የሚወሰድ ነው አለችኝ። እኔ እኮ እስኪገድለኝ ጠብቄ ነበር በባዶ ሆዴ የምውጠው! ከመምጣቱ በፊት ስላሉት ቀኖችም ጠየቀችኝ። ጡት ይወጠራል? እንቅልፍ እምቢ ይላል? ያለ ምክንያት ያስለቅሳል፣ ያስቆጣል? «ያስቆጣል ወይ?» ስትለኝ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄን አቋረጠችውና፣ ሴት ልጅ ካለችዎት እሷንም ይዘዋት ይምጡ፣ ብዙ ጊዜ ከናት ወደ ልጅ ይወርዳል አለችኝ።

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ነው መካኒኩን መዝገቡን ለምሳ ሰዓት እንዲያውሰኝ የለመንኩት። የመጨረሻ ፈተናሽን ቀን ፈለግሁ። ረቡዕ ነበር። ጣቴን ወደ ታች ሳወርድ፤ ቅዳሜ፣ ቁጥር አሥራ አራት፣ ክር በጠሰ። ሦስት ቀን ሲቀረኝ። እኔ እኔ በማልሆንባቸው ቀኖች መካከል ነበርኩ። እዚያው ተቀምጬ ወደ ኋላ ገለጥኩ፤ የጎረቤት በር ደብድቤ የተሳደብኩበት፣ ከአክስትሽ ጋር የተኳረፍንበት፣ የሚያሳፍሩኝ ቀኖች ሁሉ ከኋላቸው «ክር በጠሰ» አለ፤ ደወል በዚያ በተንጋደደ ጽሕፈቱ በደንብ አስቀምጦልኛል።

ሰበብ እየፈለግሁ አይደለም፣ ልጄ። ያመመው ሁሉ ልጁን ከወለል አይጎትትም። እናቴ እኔን «ሴት ጥርሷን ነክሳ ነው» ትለኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ የፈተናሽ ጠዋት አንቺ ወለሉ ላይ ተጠቅልለሽ «እማ፣ ዛሬ አልችልም» ስትዪኝ ክንድሽን ይዤ «ተነሽ! ክር በተበጠሰ ቁጥር ፋብሪካ አይዘጋም!» አልኩሽ። አንቺም ጫማሽን እያሰርሽ ቀስ ብለሽ «እማ፣ እኔ ክር አይደለሁም» አልሽ። የፈተናው አዳራሽ ደረጃ ላይ መውደቅሽን የነገረኝ ዘበኛው ነው። በሳምንቱ ሻንጣሽን ይዘሽ አክስትሽ ዘንድ ሄድሽ። ቃሉን ግን እዚህ ትተሽልኝ ነው የሄድሽው። ኮሌታ ስሰፋ ይመጣል፣ ዕቃ ሳጥብ ይመጣል። በድዬሻለሁ። ይኸው በጽሑፍና በፊርማ።

ክፍላችን እንዳለ ነው። አልጋሽን አነጥፈዋለሁ፣ ማንም ሳይተኛበት አንሶላውን እቀይራለሁ። ሻይ ሳፈላ እጄ ሁለት ብርጭቆ ያወርዳል፤ አንዱን መልሼ እሰቅላለሁ። የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ ብታዪ ትስቂብኛለሽ፤ በየወሩ አንድ ቀን ላይ ቀይ ነጥብ አለች። የኔ አይደለችም። ያንቺ ናት። ከፈተናሽ ቀን ጀምሬ በሃያ ስምንት በሃያ ስምንት እየቆጠርኩ ነው፤ በመሐል ተዛብቶ ሊሆን ይችላል፣ እኔ ግን ነጥቧ ቀን ሥራ ውዬ ስገባ ውሃ እጥዳለሁ። ይፈላል። አወርደዋለሁ። ምን ላድርገው? እግሬን እታጠብበታለሁ።

ደስ ብሎኛል ያልኩሽን አልረሳሁትም። እንዲህ ነው። ቁጥር አሥራ አራት ከሰባት ወር ወዲህ አንድም ቀን ክር በጥሳ አታውቅም። ደወል ወፍራሙ ክር ሠራ ብሎ ይኩራራል። የጠላሁት ነገር እንዲህ በድንገት ዝም ሲል እልል እላለሁ ብዬ ነበር፤ ግን እንግዳው ሳይሰናበት የሄደበት ቤት ሆንኩልሽ። መካኒኩም ጤነኛ መኪና ዘንድ ምን ይሠራል? ሰላምታ ከሩቅ ሆነ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሰባት ወር። ባለፈው ማክሰኞ ግራ ቀኝ አየሁና መቀሴን አንስቼ ክሩን ቀጭ! እጄን አነሳሁ። «ክር በጠሰ!» ቁልፍ ሰፊዋ ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ፣ «ደሞ አንቺ?» አለች።

መካኒኩ የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ መጣ። የክሩን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃን አነሳው። የተበጠሰ ክር ጫፉ ይፍተለተላል፣ ይህ ግን በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል፤ ልጅም ያውቀዋል። ብዙ አየው። ከዚያ ሳይስቅ፣ «ይቺ መኪና በየሳምንቱ መታየት አለባት። ማክሰኞ ይመችሻል?» አለኝ። ይመችሻል! ሁለት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ሲለኝ የኖረ ሰው። መዝገቡ ላይ ምን ጻፈ ብትዪኝ፣ ሄደሽ አንብቢ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ከረጢቱን ልኬልሻለሁ። እኔ አያስፈልገኝም። ውሃው እየፈላ አይሞላ፣ ለብ ካለ ትንሽ በለጥ ይበል፤ በፎጣ ጠቅልይው፣ የተለጠፈውን ጎን ወደ ላይ አድርጊ። ቡሹን ጠበቅ አድርጊው። እዚያም ነርስ አታጡምና ሄደሽ ታዪ፣ ሳታፍሪ ንገሪያት። ለአክስትሽም «የተኳረፍነውን ይቅር በዪኝ ብላለች» በዪልኝ፣ በናትሽ።

የቤቱ ቁልፍ የነበረበት ቦታ ነው። ነዪ አልልሽም፣ ለማለትም አፌ ያፍራል። ፈጣሪ ወገብሽን ያጽናልሽ፣ የምትረግጪው ደረጃ ሁሉ ይቻልሽ፣ ሳቅሽን አይውሰድብኝ። ከመጣሽ ደግሞ፣ በየትኛውም ቀን ይሁን፣ እኔ ፊት ክር በጠሰ አይባልም። አመመኝ በዪኝ። ውሃው ተጥዷል።

ጠባቂሽ፣
እናትሽ