ከውጭ ሆነህ ያዳመጥከው ኮንሰርት

ለሀያት አባት፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሀያት አይደለችም። «በዚህ ዕድሜሽ ፊደል ምን ሊሠራልሽ ነው?» ብለህ የሳቅክብኝ እኔው ራሴ። እዚሁ አሜሪካ፣ ክላርክስተን፣ የግቢያችን መሰብሰቢያ ክፍል ውስጥ፣ የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችል ልጅ እሑድ እሑድ አስተማረችኝ። ፊደሌ ዛሬም ይንጋደዳል፤ ግን አንተ ያልከውን ያህል ከባድ አልነበረም።

ቤቱ እንዳለ ነው። ታክሲህን ሸጥነው። ሀያት ስኔልቪል ከተማ ቤት ገዝታ «ነይ አብረን እንኑር» እያለች ትጨቀጭቀኛለች፤ እኔ እምቢ ብያለሁ። ያንተን ወንበር ለማን ትቼ ልሂድ?

አሁን የምጽፍልህ ስለጨነቀኝ ነው። ነገ ሀያት ወደዚያች ሴትዮህ ኮንሰርት ትወስደኛለች። አዎ፣ በሬዲዮ ስትዘፍን መሪውን በጣትህ የምትመታላት፣ ባለ ጊታሯ አሜሪካዊት። እኔ «የከብት ጠባቂ ለቅሶ» እያልኩ ስዘጋብህ፣ «ተይ እንጂ አንቺ ሴት፣ ይሄ የወሎ እንጉርጉሮ ነው፣ ጊታር ጨመሩበት እንጂ» ትለኝ ነበር። አትላንታ በመጣች ቁጥር ተሳፋሪ ታደርስና፣ አዳራሹ መኪና ማቆሚያ ላይ መስኮትህን ዝቅ አድርገህ እስኪያልቅ ትቆያለህ። በግድግዳ አልፎ የመጣልህን ያህል ሰምተህ፣ ውስጥ እንደነበረ ሰው ታወራልኛለህ። ለሀያት «አንድ ቀን ሦስታችንም እንገባለን» ብለሃት ነበር። እሷም ያንተን ቃል ልትፈጽም፣ እኔን ሳትጠይቅ ቲኬት ገዛች።

«እሺ፣ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚገጥመኝን ሁሉ ንገሪኝ» አልኳት። ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ከክሊኒክ የመጣልህን ወረቀት ሳመጣልህ፣ አነበብከውና «ምንም አይደል፣ ቀጠሮ ነው» አልከኝ። ሦስት ወር ሙሉ ቀጠሮ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ሆስፒታልም ሆነህ «ቤት ሂጂና ዕረፊ፣ ነገ እንገናኛለን» አልከኝ። ሄድኩ። ጠዋት ስመጣ ነፍስህ ወጥታ ነበር። ካንተ ወዲህ ሳይነገረኝ የምገባበት በር የለም። ለዚያ ነገር እስካሁን አውፍ ብዬ ይቅር አላልኩህም፤ ከእንግዲህ በመካከላችን ውሸት ምን ያደርጋል?

ሀያትም ነገረችኝ። ቦርሳዬ ውስጡ የሚያሳይ ላስቲክ መሆን አለበት። መድኃኒቴን፣ መቁጠሪያዬን፣ መሀረቤን ሳይቀር ዘበኛው ሊያየው ነው። ፍተሻው ጋ ስደርስ ሻርፕሽን አውልቂ ቢሉኝስ? «ኧረ እማ፣ ማንም አይነካሽም» አለች። መግሪብን ከመግባታችን በፊት መኪና ማቆሚያው ላይ እንሰግዳለን። አንተ የምትቆመው የቱ ጋ እንደነበር ብጠይቃት አታውቅም። መጀመሪያ ማንም ያልመጣለት ሌላ ዘፋኝ ይዘፍናል፣ ሰውም እየበላ ያወራል። ከዚያ መብራቱ በአንዴ ድርግም ይላል፣ ሕዝቡ ይጮሃል። «እንዳትደነግጪ፣ አደጋ አይደለም፣ እሷ ልትወጣ ነው።» ለጆሮዬ መድፈኛ ገዝታልኛለች። ሁሉም ሰው ይቆማል፤ ይሄ ጉልበቴ አላስቆም ካለኝ የማየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው። ባርኔጣና ቦት ጫማ ያደረጉ ሰዎች፣ ሳይተዋወቁ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ አለች። «ማን ሞቶባቸው?» ብላት ሳቀችና «ለየራሳቸው ነዋ፣ እማ» አለችኝ። እኔስ እዚያ መሀል በለቅሶ ብፈነዳ ማን ያነሳኛል? የዕድሩ ሴቶች ቢሰሙስ? ባሏን ቀብራ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ዘፈን ቤት ገባች ሊሉኝ አይደል?

ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። ያስጨነቀኝ መጨረሻው ነው። ዘፋኟ ደህና ሁኑ ብላ፣ እጇን አውለብልባ ትሄዳለች፤ መብራቱም ይጠፋል። «እንዳትነሺ» አለችኝ ሀያት፣ «የውሸት ነው። ሰው ስሟን እየጠራ ሲጮህ ተመልሳ ትመጣለች።» ተመልሳ የምትዘፍነውም ያንን ጢምህን ስትላጭ የምታንጎራጉረውን ነው አሉ።

ይህን ከሰማሁ ጀምሮ ምግብ አልበላ ብሎኛል። ተሰናብቶ የሄደ ሰው በስሙ ሲጠሩት ይመለሳል?

እኔ አንተን በስምህ ጠርቼህ አላውቅም። እናቴም አባቴን አልጠራችውም፤ እኛ ዘንድ ነውር ነው። ሀያት ሳትወለድ «አንተ»፣ ከተወለደች በኋላ «የሀያት አባት»፤ በቃ። ሆስፒታል ያቺ ነርስ የሕመምተኛው ስም ማነው ስትለኝ እንኳ አፍሬ ወደ ልጄ ዞርኩ። ያን ቀን ጠዋትም ፊትህን ይዤ «የሀያት አባት፣ የሀያት አባት» ነው ያልኩህ። በስሙ ብጠራው ኖሮ ዓይኑን ይገልጥ ነበር ይሆን እያልኩ ራሴን ስበላ ከረምኩ። አይሆንም፣ አውቃለሁ። ግን ሳልሞክረው ቀረሁ።

ነገ ሰው ሁሉ የሷን ስም ሲጠራ እኔ ያንተን እጠራለሁ። በዚያ ጩኸት መሀል ሀያት እንኳ አትሰማኝም። እሷ ትመለሳለች፣ አንተ አትመለስም፤ የፈራሁትም ያቺን ደቂቃ ነው። ቢሆንም አልነሳም። ዘፈንህን እስከ መጨረሻው እሰማልሃለሁ፤ እንደ ሬዲዮው አልዘጋውም። ውስጥ ያየሁትን ሁሉ ጽፌ መቃብርህ ድረስ አመጣልሃለሁ፣ አነብልሃለሁም። አንተ እንዳደረግከኝ ክፉውን አልዘልብህም። በሕይወት እስካለሁም ከእንግዲህ በስምህ ነው የማስታውስህ።

ነገ ድምፄ እንዳይከዳኝ፣ ዛሬ በእጄ ልለማመደው።

ሰይድ።