የዓርቡ ጭን ዜና ዕረፍት

ከሞንቬርኝ ግንብ፣ ፔሪጎር
ዓርብ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1575

ጄኔቭ ለምትኖረው ለሆዴ ልጅ ለኦዴ፤

እንደምን ከርመሃል? በታላቅ ሐዘን የማስታውቅህ ነገር አለ። ላለፉት አምስት ዓመታት ይህን ቤት በታማኝነት ያገለገለው፣ በካቶሊኩም በፕሮቴስታንቱ በሁጉኖቱም ዘንድ እኩል የተከበረው፣ የደረቀው የአሳማ ጭናችን ባለፈው ዓርብ ከቀትር በኋላ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፏል። የገመዱ ቋጠሮ ላልቶ ወደቀ፤ ውሻው ሚሮ በላው።

አትሳቅ። የዚያን ጭን ውለታ አንተም ታውቃለህ። የእናንተ የሁጉኖቶቹ ወታደሮች ዓርብ ቀን ሲመጡብን ጊዬሜት ከወጥ ቤት ሮጣ ገመዱን ለቀቅ ታደርጋለች፤ ጭኑ ከአዳራሹ ጣሪያ ቀዳዳ ወጥቶ ከማዕዳችን በላይ ይንጠለጠላል። "እነዚህማ የጳጳሱን ጾም የሚያፈርሱ፣ የኛው ናቸው!" ብለው ስቀው ግንቡን ሳያቃጥሉ ይሄዳሉ። ቢላ የመዘዘ እንደሆነም ጊዬሜት "ተው ጌታዬ፣ ለእሜቴ ልጅ ሠርግ የተቀመጠ ነው" ትለዋለች። የንጉሡ ወታደሮች ሲመጡ ደግሞ ገመዱ ይሳባል፣ ጭኑ ያርጋል፣ እኛም የባቄላ ሾርባችንን ከበን ፊታችንን አጥቁረን እንገኛለን። እንዲህ ሲወጣና ሲወርድ አንዲት ጉርሻ እንኳ ሳይቆረስበት ኖረ። ስለ ሃይማኖት ያን ያህል የደከመ ቄስ እኔ በዕድሜዬ አላየሁም።

ገመዱ ግን ደህና ነው። አሁን ቤታችን የሰፈሩት የንጉሡ ሻምበል፣ ሻምበል ደ ቫርናክ፣ በሁለት እጃቸው ሳብ ሳብ አድርገው "እሜቴ፣ እንዲህ ያለ ገመድ ዛሬ የት ይገኛል!" ብለው አመስግነውታል።

ሻምበሉ ደግ ሰው ናቸው። ከስልሳ ወታደሮቻቸው ጋር ሊጠብቁን መጥተው ሦስት ሳምንት ሙሉ ከዶሮዎቻችን፣ ከወይን ጠጃችንና ከእንቅልፋችን ሲጠብቁን ሰንብተዋል። በጾም በኩል ጥብቅ ናቸው፤ ዓርብ ዓርብ ሥጋ የሚባል አይቀምሱም፣ የኩሬያችንን ዓሣ ብቻ ነው የሚፈጁት።

አንድ የምሥራችም አለ። ሻምበሉ አንተ በሕይወት መኖርህን ሰምተዋል። ለካቶሊኩ ጎረቤት ሁሉ "ኦዴ በፈንጣጣ ሞተ" ብለን ከተናገርን አራት ዓመት ሆነን። በየዓመቱ ተዝካርህን አውጥተናል፤ የደብራችን ቄስ ስለ ነፍስህ የበሉት ዝይ ቢቆጠር ሦስት ሰው ከሲኦል ያወጣ ነበር። እንግዲህ ከሙታን መነሣትህን የሰሙ ጊዜ ሻምበሉ "ተመስገን! የት ነው ያለው ታዲያ?" ብለው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። የወለደች እንኳ እንዲህ አትደሰትም።

አሁን መራራውን ልንገርህ። ወንድምህ በርትራን ሞተ። እሑድ ዕለት በትኩሳት ሞተ፤ ስምህን እየጠራ። በአባትህ አጠገብ ቀበርነው።

በአጭሩ ስለ ጻፍኩት አትቆጣኝ። ባረዝመው ብዕሩ አይታዘዘኝም።

ያቺን የዕጣ ቀን አስታወስኳት። እሱ ዐሥራ ስድስት፣ አንተ ዐሥራ አራት ነበራችሁ። አባትህ ሁለት ሰንበሌጥ ቆርጠው በባርኔጣቸው ያዙና፣ "ረጅሙን የሳበ ከንጉሡ ጋር ያስቀድሳል፤ አጭሩን የሳበ ከሁጉኖቶቹ ጋር ዳዊት ይዘምራል። ማንም ያሸንፍ ማን፣ ርስቱ ከዚህ ቤት አይወጣም" አሏችሁ። በርትራን ረጅሙን ስቦ አኮረፈ።

"አባባ፣ እኔ ነኝ ድምፀ መልካሙ፤ መዝሙሩን ለእኔ ይስጡኝ።"

"አንተ ስትዘምር ዝይዎቹ እየበረገጉ ወንዝ ይገባሉ!" አልከው። "ሂድ አስቀድስ፣ እዚያ ላቲን ስለሆነ ብትሳሳትም የሚያውቅብህ የለም።"

ስቀን ልንሞት ነበር። አባትህም ሳቁ።

ብልህ ሰው ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። እንደ መሬት ከፍለው እምነት አከፋፈሏችሁ። አንዲት ነገር ብቻ ዘነጉ፦ ልጅ የሰጡትን ነገር ያምናል። አንተ የተሰጠህን አምነህ ጄኔቭ ድረስ ተከተልከው። ጭፈራ በሚያስቀጣበት አገር እንዴት እንደምትኖር እንጃ፤ ሳል እንኳ ያለ ፈቃድ አይሳልም ይላሉ። በርትራንም የተሰጠውን አመነ። ሁላችን ለወታደር ብለን ስንጾም፣ ጭኑ ከራሱ በላይ ተንጠልጥሎ ከልቡ የሚጾመው እሱ ብቻ ነበር። "እማዬ፣ ዓርብ እኮ ነው" ይለኛል የዝይ ሞራ ስነካካ። በዚህ ቤት ምንም ሳናምን የቀረን እኔና ጭኑ ነን። አሁን እኔ ብቻ ቀረሁ።

ስለዚህ ልጄ፣ ና። ካቶሊክ ወራሽ የሌለው ቤት ለዘውድ ገቢ ይሆናል፤ ሕጉ ነው። ሻምበሉ በገዛ እጃቸው የጻፉልህን የይለፍ ወረቀት አብሬ ልኬልሃለሁ። ከቅዱሳን ሁሉ በዓል በፊት ና፤ አንዲት ቅዳሴ ቆመህ ስማ፣ ካስፈለገህ በልብህ ዳዊትህን ድገም፣ ርስቱ ያንተ ነው። በጫካው መንገድ አትድከም፣ በድልድዩ በኩል ና፤ የሻምበሉ ሰዎች እዚያ ሆነው ይቀበሉሃል። ወፍራሙን ካባህን ልበስ፤ ደረትህ ከድሮም ብርድ አይችልም። እናትህን የምትወድ ከሆነ ና።

ጊዬሜት "ያን ቀጫጫ ሳሚልኝ" ትላለች። ሁለቱም ወገን ስሙን እየጠራ የሚገዳደልበት አንዱ አምላክ፣ ከእነሱ ጩኸት ፋታ ሲያገኝ ይጠብቅህ። ከእኔ ዕድሜ የተረፈው ላንተ ይጨመር፤ ለሽበት ያብቃህ።

እናትህ
ኢዛቦ ደ ሞንቬርኝ

ማረሚያ

ይህን ደብዳቤ የሻምበሉ ጸሐፊ አጠገቤ ተቀምጦ አስጽፎኝ፣ አንብቦም አጽድቆታል። የጭኑን ወሬ ሊሰርዝ ብሎ ነበር፤ ኋላ "ይኑር፤ ሳይቀልዱ ከጻፉ ልጅዎ ይጠረጥራል" አለኝ። የባላባት ማኅተም ግን በባላባት እጅ ነው የሚታተመው ብሎ፣ የአባትህን ቀለበት ትቶልኝ ምሳውን ዓሣ ሊበላ ወርዷል። ሰሙ እስኪቀልጥ የሚከተለው ታርሟል።

"ውሻው በላው" የሚለው ስሕተት ነው። ውሻው አልበላውም፤ እየጎተተ ሻምበሉ እግር ሥር አደረሰው። እዚያ ሲሰነጠቅ ከውስጡ ያንተ ስድስት ደብዳቤዎች ወጡ። ዓርብ ቀን ጭን የሚነካ ካቶሊክ የለም ብለን፣ ሆዱን ፍቀን የደበቅናቸው ጊዬሜትና እኔ ነን። ስም አልነበረባቸውም።

"የማን ናቸው?" አሉ ሻምበሉ።

"የእኔ ናቸው" አለ በርትራን።

"የላከልህስ ማን ነው?"

"እሱን ይተዉት።"

"እናትህ ታውቃለች?"

"እማዬ? ከዝይና ከጭን ሌላ ምን ታውቃለች፣ ሻምበል!" አለ። ሳቁ። እኔ፣ በዕድሜዬ ዝም ብዬ የማላውቀው፣ ዝም አልኩ።

"በትኩሳት ሞተ" የሚለው፣ "በግቢያችን ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ሞተ" ተብሎ ይነበብ። ገመዱ ያው ገመድ ነው።

"በአባትህ አጠገብ ቀበርነው" የሚለው ይሰረዝ። እንዳወርደው ገና አልተፈቀደልኝም።

"ስምህን እየጠራ" የሚለው ይሰረዝ። የሞተው ስምህን አልጠራም ብሎ ነው። የጠራሁት እኔ ነኝ፤ አንገቱ ላይ ገመዱን ሲያስገቡ አይቼ፣ ስምህንም ከተማህንም ተናገርኩ፣ የሚለቁት መስሎኝ። ሰሙኝ፣ "ተመስገን" አሉ፣ ሰቀሉት። አሁን ሻምበሉ ርስታችንን ከንጉሡ ለምነው ለመውሰድ የሚቀራቸው የአንድ ወራሽ ሞት ነው፤ ሰዎቻቸው ድልድዩ ላይ የሚጠብቁህ ለዚሁ ነው።

ከላይ በአራት ቦታ "ና" ተብሎ ተጽፏል። በአራቱም ቦታ "አትምጣ" ተብሎ ይነበብ።